ራስዎን የሚመስል ቤት፦ ቀስ በቀስ የማስዋብ ቅደም ተከተል

ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉና የግድግዳው ሥዕል በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ከወጡ፣ ቤቱ የሚመስለው ያንን ሱቅ ነው። ሌላም ችግር አለ። ሁሉም አብሮ ስለገባ ክፍሉን ያጨለመው መጋረጃው ይሁን ቀለሙ፣ ያጠበበው ሶፋው ይሁን አቀማመጡ መለየት ያስቸግራል። ዕቃ አንድ በአንድ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ ይታያል፤ ቀጣዩም ያለውን አይቶ ይመረጣል።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከባዶ ቤት ለሚጀምርም፣ ግማሹን ለሞላም፣ ለተከራይም ያገለግላል። አንድ ዓመት ወይም ትንሽ ዘለግ ያለ ጊዜ ይመድቡለት። የማያስፈልግዎትን ደረጃ መዝለል ይችላሉ። ቅደም ተከተሉን ማገለባበጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ምንጣፍ ካነጠፈ በኋላ ኮርኒስ የቀባ ሰው ያውቀዋል።

1. የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፦ ምንም አይግዙ

ለመተኛት፣ ለመቀመጥና ለመመገብ የሚበቃ ዕቃ፣ መብራትና መስኮት የሚከልል ጨርቅ ካለ ለጊዜው በቂ ነው። ደብተር ይያዙና ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ይስጡ። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ፀሐይ በቀጥታ የት እንደምታርፍና ምን ያህል ሰዓት እንደምትቆይ ይጻፉ። ሶፋው የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ክፍል ሞቅ ያለ ቀለም እንደሚፈልግ፣ ወፍራም መጋረጃ የት እንደሚያስፈልግ በኋላ የሚወስነው ይህ ማስታወሻ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርቅን ያነጣል፣ እንጨትንም አድርቆ ሊሰነጥቅ ይችላል።

በዚያው ደብተር የቤቱን ሰዎች ልማድ ይመዝግቡ። ሰው ሲገባ ቁልፉን የት ይጥላል? ጫማ የት ይወልቃል? ስልክ የት ተሰክቶ ያድራል? መጽሐፍ የሚነበበው አልጋ ላይ ነው ወይስ ጠረጴዛ ላይ? አንድ ወንበር ላይ ሁልጊዜ ልብስ የሚከመር ከሆነ ሰውየውን ከመውቀስ እዚያ ቦታ መስቀያ እንደጎደለ መረዳት ይሻላል። ክምሩ የት የት እንዳለ ያስተዋለ ሰው ከሚያስፈልገው ዕቃ ግማሹን ዐውቋል።

ከበሩ ላይ ሆነው አንድ፣ ከየማዕዘኑ አንድ አንድ ፎቶ በስልክ ያንሱ። ዓይን የለመደውን አያይም፤ ፎቶ ግን የተንጠለጠለውን ሽቦ፣ የተንጋደደውን ፍሬም፣ ኦና የሆነውን ጥግ ሳይራራ ያሳያል። ከፎቶዎቹ አንዱን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ከታየ፣ ክፍሉን የደበተው የጠቆረና የፈካ ልዩነት ማጣቱ ነው። ሌላ ቀለም መጨመር አያድነውም፤ አንድ ሁለት ጠቆር ያለ ዕቃ፣ ለምሳሌ ጥቁር ፍሬም ወይም የጠቆረ እንጨት ጠረጴዛ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

2. የራስን ጣዕም ከራስ ዕቃ መፈለግ

"ዘመናዊ" ወይም "ጥንታዊ" የሚል ስም መርጦ መጀመር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስም ከተመረጠ በኋላ ግዢው ሁሉ ለስሙ ታማኝ ለመሆን ይሆንና ባለቤቱ ይረሳል። የተሻለው መንገድ ቀድሞ የወደዱትን መመርመር ነው።

ከቤት ውስጥ ቢጠፉ የሚያሳዝኑዎትን ከ10 እስከ 15 ዕቃዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰብስቡ። የቤት ዕቃ መሆን የለባቸውም፤ ሸሚዝ፣ ቦርሳ፣ ስኒ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ሰዓት ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ይጻፉ፦ ከምን ተሠራ፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ቅርጹ ክብ ነው ወይስ ማዕዘናም፣ ሲዳስሱት ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ። ከዚያ ተደጋግሞ የመጣውን ያስምሩበት። ከ12 ዕቃ 7ቱ ያልተወለወለ እንጨት ወይም ቆዳ ከሆኑ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቁም ሳጥን ሱቅ ውስጥ ቢያምርም ከእርስዎ ጋር እንደማይቆይ ከአሁኑ ተነግሮዎታል።

ቀጥሎ የሚወዷቸውን የክፍል ፎቶዎች እስከ 20 ያጠራቅሙና ለአንድ ሳምንት አይክፈቷቸው። ሲመለሱ ግማሹን ያጥፉ። በቀሩት ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ "ይህ ክፍል ትልቁ መስኮትና ከፍ ያለው ኮርኒስ ቢነሳበት አሁንም እወደዋለሁ?" ብዙ ፎቶ የሚማርከው በዕቃው ሳይሆን በመስኮቱ ነው፤ መስኮት ደግሞ ተገዝቶ አይገባም። ከዚህ ጥያቄ ያለፉት ፎቶዎች ብቻ ይጠቅማሉ።

መጨረሻ ላይ ሦስት ቃል ይጻፉ፤ ለምሳሌ "ሙቅ፣ ሻካራ፣ ባዶ ቦታ ያለው"። ከሥሩ ፈጽሞ የማይፈልጉትን አንድ ነገር ያክሉ። ይህች ወረቀት ከእያንዳንዱ ግዢ በፊት ትነበባለች። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ እያንዳንዱ ለብቻው ይሥራው፤ ሁለቱም ዝርዝር ላይ የተገኘው ለጋራ ክፍል መነሻ ይሆናል፣ ያልተገናኘው ለግል ጥግ ይቀመጣል።

ቀለም ለመምረጥ ከዕቃዎቹ ብዙ ቀለም ያለውን አንዱን፣ ለምሳሌ ሥዕል ወይም ጨርቅ፣ መነሻ ያድርጉ። ከእሱ አንድ ሰፊ ቦታ የሚይዝ፣ አንድ ደጋፊ፣ አንድ ጎላ ያለ ቀለም ያውጡ። የተለመደው ክፍፍል 60፣ 30 እና 10 በመቶ ነው፦ 60ው ለግድግዳና ለትልልቅ ዕቃ፣ 30ው ለመጋረጃና ለምንጣፍ፣ 10ሩ ለትራስና ለጥቃቅን። ቁጥሩን በማስመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ጎላ ያለው ቀለም ግን ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ 3 ቦታ ይታይ፤ አንድ ቦታ ብቻ ከታየ ከሌላ ክፍል ጠፍቶ የመጣ ይመስላል።

3. ልኬት

ረጅም ሜትር፣ ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ የኮርኒሱን ከፍታ፣ የመስኮቱን ወርድ፣ ቁመትና ከወለል ያለውን ከፍታ፣ የሶኬቶችንና የማብሪያ ማጥፊያዎችን ቦታ፣ በሩ ሲከፈት የሚይዘውን ቦታ ይለኩ። 2 ሴንቲ ሜትር ለ1 ሜትር አድርገው ይሳሉት። የዕቃዎቹን ቅርጽ በዚሁ ልክ ከካርቶን ቆርጠው ወረቀቱ ላይ ያንቀሳቅሱ። ሶፋ ከመግፋት ካርቶን መግፋት ይቀላል።

የዋናውን በር፣ የመተላለፊያውንና የደረጃውን መታጠፊያ ጠባብ ቦታ መለካት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ሳሎን ውስጥ የሚበቃ ሶፋ በር ላይ ሊቀር ይችላል። የሶፋውን ቁመትና ጥልቀት ጠይቀው ከበሩ ወርድ ጋር ያስተያዩ፤ እግሩ የሚፈታ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊያተርፍልዎ ይችላል።

ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ቦታ ይህን ይመስላል። ሰው የሚመላለስበት ዋና መንገድ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። በሶፋና ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45 ይበቃል፤ ከዚያ ከጠበበ ጉልበት ይመታል፣ ከሰፋ ስኒ ለማስቀመጥ መነሣት ግድ ይሆናል። ምግብ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ ከወንበሩ ጀርባ እስከ ግድግዳ ቢያንስ 75 ይተዉ። ከአልጋው ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ አንሶላ መቀየር ራሱ ትግል ነው።

ዕቃውን ከማዘዝዎ በፊት መጠኑን ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ያስምሩና ለ3 ቀን ዙሪያውን እየዞሩ ይኑሩ። መስመሩን በተደጋጋሚ እየረገጡ ካለፉ ዕቃው ትልቅ ነው ወይም ቦታው ልክ አይደለም።

4. ከውበት በፊት ጥገና

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የሚሞቅ ሶኬት፣ የማይዘጋ መስኮት፣ እርጥበት የሚያወጣ ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይስተካከል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ለባለሙያ ይተዉ፤ ተጨማሪ ሶኬት የሚፈልጉበትን ቦታም አሁን ይንገሩት፣ ግድግዳው ከተቀባ በኋላ መፈልፈል ድርብ ወጪ ነው።

ግድግዳ ላይ እርጥበት ከታየ ከየት እንደመጣ ለመለየት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ እርጥቡን ቦታ በጨርቅ ካደረቁ በኋላ፣ በላዩ ላይ አድርገው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ይዩት። ጠብታው ከፕላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከግንቡ ነው፤ ከውጭ በኩል፣ በክፍሉ ወገን ከሆነ አየሩ ታፍኗልና መስኮት መክፈት ወይም አየር መሳቢያ መግጠም ያስፈልጋል። ምንጩ ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ከዚያም ይላጣል። የቀለሙ ጥራት አያድነውም።

5. ብርሃን

ብዙ ሰው ይህን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል፤ ቦታው ግን እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ቀለምና ጨርቅ የሚመረጡት በሚበራው መብራት ሥር ነው። ከኮርኒስ መሃል የተሰቀለ አንድ አምፖል ፊት ላይ ጥላ ይጥላል፣ ጥጉን ያጨልማል፣ ጥሩ ዕቃም ተራ ያስመስላል። በአንድ ሳሎን ከ3 እስከ 5 የብርሃን ምንጭ ያስቡ፦ አጠቃላይ የሚያበራ፣ ለንባብ ወይም ለሥራ የሚያገለግል፣ ግድግዳን ወይም ጥግን የሚያደምቅ።

አምፖል ሲገዙ ዋቱን ሳይሆን ሉመኑን፣ ማለትም የሚሰጠውን የብርሃን መጠን፣ ያንብቡ። 800 ሉመን የሚሰጥ ኤልኢዲ የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፣ የሚወስደው ግን 10 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት በአንድ ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200፣ ለወጥ ቤት መሥሪያና ለጽሕፈት ጠረጴዛ ከ300 እስከ 500 ሉመን ይቁጠሩ። 16 ካሬ ሜትር ሳሎን ወደ 2,400 ሉመን ይፈልጋል እንበል፤ ይህም 800 ሉመን ያላቸው 3 አምፖሎች ማለት ነው፣ በሦስት የተለያየ ቦታ የተበተኑ።

ካርቶኑ ላይ በኬልቪን የተጻፈው ቁጥር የብርሃኑን ቀለም ይናገራል። 2,700 ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ነው፣ 4,000 ነጭ፣ 6,500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ለማረፊያ ክፍል ከ2,700 እስከ 3,000 ይምረጡ። ዋናው ስህተት በአንድ ክፍል ውስጥ ቢጫና ሰማያዊ አምፖል መቀላቀል ነው፤ ግድግዳው ሁለት ቀለም የተቀባ ይመስላል። የቀለም ትክክለኛነትን የሚያሳየው ሲአርአይ የተባለ ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጨርቅና እንጨት እውነተኛ መልካቸውን ይዘው ይታያሉ። ብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ካስገጠሙ አምፖሉም ለእሱ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ይብለጨለጫል ወይም ይጮኻል።

ከምግብ ጠረጴዛ በላይ የሚንጠለጠል መብራት ከጠረጴዛው ገጽ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የቁም ወይም የጠረጴዛ መብራት ሽፋን የታችኛው ጠርዝ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ትይዩ ሲሆን አምፖሉ አያንጸባርቅበትም። ተከራይ ከሆኑ ሶኬት ላይ የሚሰኩ የቁም መብራቶች ይህን ሁሉ ሥራ ግድግዳ ሳይነኩ ይሠራሉ፤ ሲለቁም ይዘዋቸው ይሄዳሉ።

6. የግድግዳ ቀለም

ከትንሽ የቀለም ናሙና ካርድ ላይ አይወስኑ። ያው ቀለም ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ከካርዱ በርትቶ ይታያል። ሦስት ያህል ቀለም በትንሽ ጣሳ ይግዙና እያንዳንዱን ትልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብተው ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ይተዉለት። ነጩ ጠርዝ ዓይንን ከአሮጌው የግድግዳ ቀለም ይከላከላል፤ ናሙናን በቀጥታ አሮጌ ቀለም ላይ መቀባት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ካርቶኑን ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ ጎንና ከሶፋው አጠገብ እያዘዋወሩ ጠዋት፣ ቀንና ማታ በመብራት ይዩት። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ክፍል ግራጫንና ነጭን ወደ ሰማያዊ ይጎትታል፤ እዚያ ውስጡ ትንሽ ቢጫ ወይም ቀይ ያለበት ነጭ ይሻላል።

የአንጸባራቂነቱ ደረጃም ምርጫ ነው። ልሙጥ ደብዛዛ ቀለም የግድግዳውን ጎባጣነት ይደብቃል፣ ግን እድፍ ሲፀዳ ቦታው ይታወቃል። ከፊል አንጸባራቂው ይታጠባል፤ ለመተላለፊያ፣ ለልጆች ክፍልና ለወጥ ቤት ይሆናል። ሙሉ አንጸባራቂው ለበርና ለመስኮት እንጨት ይሁን፤ ግድግዳ ላይ ከወጣ እያንዳንዷን ጉድጓድ ይቆጥራል።

መጠኑን ለማስላት አንድ ምሳሌ እንያዝ። 4 በ3.5 ሜትር የሆነ፣ 2.7 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው። 15 በ2.7 ሲባዛ 40.5 ካሬ ሜትር። ከዚህ በሩን 1.9፣ መስኮቱን 1.8 ቢቀንሱ 36.8 ይቀራል። ለሁለት ዙር 73.6። በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፈናል፤ ጠንቀቅ ብሎ በ10 ሲካፈል 7.4 ሊትር። 8 ሊትር ይግዙ፤ የሚተርፈው ወደፊት ለሚነካ ቦታ ያገለግላል። ሻካራ ወይም ያልተቀባ ግድግዳ ከዚህ በላይ ይጠጣል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ሮለርና ትሪው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ብሩሽ፣ ስቱኮና መላጊያ፣ 120 እና 180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ፕላስቲክ ሸራና ባልዲ ነው። ከዚያ፦

ግድግዳውን በለስላሳ ሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ። ቅባት ላይ ቀለም አይይዝም።

የተላጠውን ይፋቁ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ይሙሉ። ጥልቅ ቀዳዳን በአንዴ አይሙሉት፤ ሲደርቅ ይሰምጣልና ሁለት ጊዜ ይሙሉት። ከደረቀ በኋላ በ120፣ ቀጥሎ በ180 ያለስልሱ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ የጥንቱ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በደረቁ መፋቅ አቧራውን ያበናልና፣ በተለይ ለሕፃናት ጎጂ ነውና፣ ከመንካትዎ በፊት ያስመርምሩት።

አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ያንሱ። ስቱኮ የተቀባበትን ቦታና ባዶ ግድግዳን በፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባ መነሻ፣ ያስይዙ፤ ይህ ካልሆነ ስቱኮው ቀለሙን መጦ ደብዛዛ ጠባሳ ያወጣል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ 4 ሳምንት ያህል ይድረቅ።

ከአንድ በላይ ጣሳ ከገዙ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለው ያማስሉ። በተለያየ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ጥቂት ይለያያል፤ ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ ግድግዳው መሃል ላይ ነው።

ኮርኒሱን መጀመሪያ፣ ግድግዳውን ቀጥሎ፣ በርና መስኮቱን መጨረሻ ይቀቡ። ጠርዙን በብሩሽ ካሰመሩ በኋላ ሳይደርቅ ወዲያው በሮለር ይግጠሙት። ሁሉንም ጠርዝ ጨርሶ ወደ ሮለር መመለስ ክፍሉን ፍሬም የገባ የሚያስመስል መስመር ይተዋል። አንድ ግድግዳ ሳይጨርሱ ዕረፍት አይውጡ።

ሁለተኛውን ዙር ጣሳው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በፊት አይጀምሩ። ፕላስተሩን የመጨረሻው ቀለም ጨርሶ ሳይደርቅ፣ 45 ዲግሪ እያጠፉ በዝግታ ይንቀሉ፤ ከደረቀ በኋላ ከተነቀለ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

የቀለሙን ስም፣ ቁጥርና የተቀባበትን ቀን ክዳኑ ላይና ደብተሩ ላይ ይጻፉ።

7. ትልልቅ ዕቃዎች፦ በአንድ ወቅት አንድ

ገንዘቡ ለአንድ ጥሩ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ሰውነትዎ የሚነካውን ይምረጡ፤ ፍራሽ፣ ከዚያ ሶፋ ወይም የሥራ ወንበር። ጠረጴዛና መደርደሪያ በርካሽም፣ በአሮጌም ይሠራሉ። ሙሉ ስብስብ መግዛት አይመከርም፦ አንዱ ሲበላሽ አቻው አይገኝም፣ ክፍሉም ካታሎግ ይመስላል። ለጊዜው የሚገዛ ዕቃ ካለ ነገ ሌላ ክፍል ሊያገለግል የሚችል ይሁን፤ የዛሬዋ የሳሎን በርጩማ ነገ ኮመዲኖ ትሆናለች።

ሶፋ ሲመርጡ 10 ደቂቃ ሙሉ ይቀመጡበት። ከፊት አንዱን እግር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፤ ሌላው የፊት እግር አብሮ ካልተነሣ ማዕቀፉ ይጣመማል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። የስፖንጁን እፍጋት ይጠይቁ፤ ለመቀመጫ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነው ቅርጹን ይጠብቃል፣ የሳሳው ቶሎ ይጎደጉዳል። ለጨርቁ ማርቲንዴል የሚባል የመታሸት መለኪያ አለ፤ ለቤት አገልግሎት ከ15,000 እስከ 25,000፣ ልጆችና ውሻ ላሉበት ከዚያ በላይ ይፈልጉ።

መደርደሪያ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በርዝመቱ ነው። በአንድ ሜትር የሚደረደር መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይችለዋል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀስ እያለ መሃሉ ይጎብጣል። መሃል ላይ ድጋፍ ይጨምሩ ወይም ጠንካራ እንጨት ይጠቀሙ። ረጅም መደርደሪያንና ቁም ሳጥንን በብረት ማሰሪያ ከግድግዳ ጋር ይሰሩ፤ ሕፃን መሳቢያ ከፍቶ ሲንጠላጠል ይገለበጣል።

አሮጌ ዕቃ ሲገዙ ከሥሩ ይዩት። ትንንሽ ቀዳዳና አዲስ የእንጨት ዱቄት ካለ ነቀዝ ገና እየበላው ነው። ስፌቱንና እጥፋቱን ለትኋን በባትሪ ይመርምሩ። የሚወዛወዝ መጋጠሚያ በሙጫ ይድናል፤ ያበጠ ቺፑድ ግን አይመለስም። እንጨቱን በተልባ ዘይት ካሹት የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ካደረቁት በኋላ ይጣሉት።

አቀማመጥ ላይ ሁሉንም ዕቃ ግድግዳ ማስደገፍ ክፍሉን አያሰፋውም፤ መሃሉን ባዶ ሜዳ ያደርገዋል። ቦታ ካለ ሶፋውን 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሳቡት። የእንጨት ዕቃዎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ወደ ቀይ የሚያደሉት ከቀያዮቹ፣ ወደ ቢጫ የሚያደሉት ከቢጫዎቹ ጋር ከተቀራረቡ ይስማማሉ።

8. ምንጣፍና መጋረጃ

ትንሽ ምንጣፍ ክፍል መሃል እንደ ፖስታ ቴምብር ተለጥፎ መቅረቱ በየቤቱ የሚታይ ነው። ቢያንስ የሶፋውና የወንበሮቹ የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ይረፉ። 210 ሴንቲ ሜትር ሶፋ ካለ 200 በ300 የሆነ ምንጣፍ በረጅሙ ጎን ቢነጠፍ በግራና በቀኝ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ ጥሩ ልክ ነው። ለምግብ ጠረጴዛ በየጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፣ ወንበሩ ሲሳብ እግሩ እንዳይወርድ፤ 90 በ160 ጠረጴዛ ወደ 210 በ280 ይፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት አንሶላ በዚያው ልክ አጥፈው ያንጥፉና ይሞክሩት። ከሥሩ የማያንሸራትት ስስ ላስቲክ ያድርጉ። ፀሐይ በአንድ ወገን እንዳታነጣው በየ6 ወሩ ያዙሩት።

የመጋረጃ ዘንግ ከመስኮቱ ፍሬም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በየጎኑ 20 ያህል አልፎ ይሰቀል። መጋረጃው ሲሰበሰብ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ መስታወቱ ሙሉ ለሙሉ ይገለጣል፣ መስኮቱም ከእውነቱ ሰፍቶ ይታያል። የጨርቁ ወርድ የዘንጉ ርዝመት 2 እጥፍ ይሁን፣ ስስ ጨርቅ ከሆነ 2.5። 150 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው መስኮት 190 ዘንግ፣ 380 የጨርቅ ወርድ ይፈልጋል ማለት ነው። ጨርቅ ተቆጥቦ የተሰፋ መጋረጃ ሲዘጋ የተወጠረ አንሶላ ይመስላል።

ጥጥና ሊኖ መጀመሪያ ሲታጠቡ እስከ 5 በመቶ ሊያጥሩ ይችላሉ፤ 250 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህ 12 ያህል ነው። ስለዚህ ጨርቁን አጥበው ተኩሰው ያስለኩ፣ ከዚያ ያስቀምቅሙ። ዘንጉ ላይ ሰቅለው ለጥቂት ቀን በመርፌ ቁልፍ ብቻ አያይዘው ቢተዉት ደግሞ ክብደቱ የሚስበውን ያህል ይሳባል፤ ከዚያ ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይጨርሱት። ፀሐይ በሚበረታበት ወገን ገበር ያስገቡበት፤ ገበሩ ነጥቶ ዋናውን ያድነዋል።

9. ግድግዳ ላይ የሚሰቀል

ሥዕል ከፍ ተደርጎ የሚሰቀለው ሰቃዩ ቆሞ ስለሚሰቅል ይመስላል። የሥዕሉ መካከል ከወለል 145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ከሶፋ በላይ ከሆነ የፍሬሙ ታች ከሶፋው ጀርባ ከ15 እስከ 25 ብቻ ይራቅ፤ ወርዱ ወይም የስብስቡ ጠቅላላ ወርድ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢይዝ ጥሩ ነው።

ብዙ ፍሬም ከሆነ እያንዳንዱን ጋዜጣ ላይ አስምረው ይቁረጡ፣ መስቀያው ያለበትን ነጥብ ምልክት ያድርጉ፣ ወረቀቶቹን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። በመካከላቸው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ሁለት ቀን አይተውት ከወደዱት በወረቀቱ ላይ ይብሱና ወረቀቱን ይቅደዱ። የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ድሪልና ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) ይፈልጋል፤ 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር ለአብዛኛው ሥዕል ይበቃል፣ መበሻውም 6 ነው። ለጂፕሰም ቦርድ የራሱ የሆነ መያዣ አለ፤ ተራ ፊሸር እዚያ ተሽከርክሮ ይወጣል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችም ሆነ ወደ ጎን አይብሱ፣ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ያልፋል። ፍሬሙን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ ከሥሩ በሁለቱ ማዕዘን ትንሽ የጎማ ጥፍጥፍ ቢለጠፍ አይንጋደድም።

መስታወት ከመስቀልዎ በፊት ከፊቱ ምን እንዳለ ይዩ። መስኮት ካለ ብርሃን ያመጣል፤ የተዝረከረከ መደርደሪያ ካለ ሁለት የተዝረከረኩ መደርደሪያዎች ይሆናሉ።

10. ጥቃቅኑ

ለማስዋቢያ ዕቃ የ30 ቀን ዝርዝር ይያዙ። ያማረዎትን ዕቃ ስሙን፣ ልኬቱንና የሚቀመጥበትን ቦታ ጽፈው 30 ቀን ይጠብቁ። ቦታውን መጻፍ ካቃተዎ አይግዙት። ብዙው ከዝርዝሩ በራሱ ጊዜ ይወድቃል።

መደርደሪያን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሙሉ። ትንንሽ ዕቃዎችን ከመበተን በትሪ ወይም በመጽሐፍ ክምር ላይ ሦስት ሦስት አድርገው፣ ቁመታቸውን አበላልጠው ያስቀምጡ። ከብርቱካን የሚያንስ ጌጥ ከሩቅ የሚታየው እንደ አቧራ ነው፤ በአሥር ትንንሽ ምትክ አንድ ትልቅ ሸክላ ይሻላል። ተክል ከሆነ ደብተሩ ላይ ያለውን የፀሐይ ማስታወሻ ይመልከቱና ቦታው ለሚችለው ተክል ይስጡ፤ ባማረበት ሳይሆን በሚኖርበት ይቀመጥ።

ክፍሉ ሞልቶ አሁንም የሆነ ነገር የማይጥምዎ ከሆነ መጨመር ያቁሙ። ሁሉንም ጥቃቅን ዕቃ ከክፍሉ ያውጡና ባዶውን ለሁለት ቀን ይኑሩበት፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይመልሱ። አንድ ሦስተኛው ያህል ሳይመለስ ይቀራል። እሱን ሳጥን ውስጥ አድርገው ቀኑን ይጻፉበትና ያስቀምጡት፤ በ3 ወር ውስጥ ማንም ያልፈለገው ዕቃ ለሚወስደው ሰው ይሰጥ።